ጢስ፣ ጌሾና ጊዜ፦ የካርቱም ጠላ በብርቱ ቢራ ሚዛን

በለንደን ከተማ፣ ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ፣ ሳውዝዋርክ በተባለው ሰፈር ባርክሌይ ፐርኪንስ የሚባል ትልቅ የቢራ ፋብሪካ ነበር። ከሥራዎቹ ሁሉ ጎልቶ የሚጠቀሰው ወደ ሩሲያ በባሕር ይላክ የነበረው ጥቁርና ብርቱ ቢራው ነው። ያ ቢራ ተጠምቆ ወዲያው የሚጠጣ አልነበረም፤ ወራትን፣ ከዚያም ዓመታትን እየቆጠረ የሚለሰልስ፣ በእርጅናው የሚከበር መጠጥ ነበር። ይኸው ቤት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በካርቱም የብሉ ናይል ቢራ ፋብሪካ ሲቋቋም ከጀርባው ቆሞ ነበር። ለካርቱም የቀረበላት ግን «ካሜል» የተሰኘው፣ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ፣ በደንብ ቀዝቅዞ የሚጠጣ ቀላል ላገር ነው። ለከተማዋ ሙቀት ምርጫው ስሕተት አይባልም። በመስከረም 1983 እ.ኤ.አ. የፕሬዚዳንት ጃፋር ኒሜሪ መንግሥት የሸሪዓን ሕግ ሲያውጅ በከተማዋ የተከማቸው መጠጥ ወደ ናይል ተደፋ፤ ካሜል ቢራም በዚያው አከተመ።

እንግዲህ ካርቱም ዕድሜ የጠገበ ብርቱ ቢራን ከፋብሪካ አላገኘችም። ለዚያ ዓይነቱ መጠጥ እጅግ የቀረበውን ያገኘችው ከሌላ አቅጣጫ፣ ከጎንደር ደጋ ወርዶ በመተማና በገላባት፣ ከዚያም በገዳሪፍ በኩል ከሚዘልቀው መንገድ፣ በኢትዮጵያውያን ሴቶች እጅ ነው። እርሱም ጠላ ነው። ጠላን በኦክ በርሜል ከሚያረጅ የአውሮፓ ቢራ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ለአንዳንዱ አንባቢ ድፍረት፣ ለሌላው ደግሞ ቀልድ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ ሁለቱም መጠጦች የቆሙት በተመሳሳይ ጉልቻ ላይ ነው፤ በበቀለና በእሳት በተነካ እህል፣ በመራራ ተክልና በእንጨት። የካርቱም ጠላ ምን እንደያዘና ምን እንዳጣ አጥርቶ ለማየት ከዚህ የቀረበ ማነጻጸሪያ አይገኝም።

በመጀመሪያ የባዕዱን መጠጥ ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ኤል የሚባለው የቢራ ዘር እርሾው ሞቅ ባለ ስፍራ የሚሠራ፣ ከላገር ይልቅ የፍራፍሬና የቅመም ሽታ የሚያወጣ ነው። ከዚህ ዘር ብርቱ የሆነው፣ የአልኮል መጠኑ ከመቶ 8 ወይም 10፣ አልፎም 12 የሚደርሰው፣ በኦክ እንጨት በተሠራ በርሜል ውስጥ ለወራት ወይም ለዓመታት ሲቀመጥ ሌላ ጠባይ ያመጣል። ሩሴላሬ በምትባለው የቤልጅግ ከተማ የሚገኘው ሮደንባክ፣ ቢራውን ቤት በሚያካክሉ የኦክ ገንዳዎች እስከ 2 ዓመት ድረስ በማቆየት ይታወቃል። የእንግሊዙ ግሪን ኪንግ ደግሞ 12 ከመቶ የሚሆነውን አሮጌ ቢራ በኦክ አቆይቶ ከለጋው ጋር በማዋሐድ ስሙ ይነሣል። በዚህ ቆይታ እንጨቱ የቫኒላ፣ የኮኮናትና የቅርንፉድ ሽታ ይሰጣል፤ ምላስን እንደ ቆየ ሻይ ጨምደድ የሚያደርገውን ታኒንም ያካፍላል። በእንጨቱ ቀዳዳዎች ጥቂት ጥቂት አየር ይገባል። በአየሩም በእንጨቱም የሚኖሩ ረቂቅ ነፍሳት ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ከእነርሱ አንዱን፣ የኮርቻ ቆዳ የመሰለ ሽታ የሚያመጣውን እርሾ፣ በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው ኒልስ ክላውሰን በ1904 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ አሮጌ ቢራ ለይቶ አውጥቶታል። ይህን መጠጥ የሚዳኝ ቀማሽ ብዙ ነገር ቢዘረዝርም ዋነኛ ጥያቄው አንድ ነው። እንጨቱ ብቅሉን አገልግሏል ወይስ ገዝቶታል? ቫኒላው ከፊት ቆሞ እህሉ ከኋላ ከተደበቀ፣ ቢራው በርሜል ቀመሰ እንጂ አረጀ አይባልም።

ይህ ጥያቄ ለጠላም ይሠራል። እንጨትን የሚያጠነክረው ሊግኒን የተባለው ነገር በእሳት ሲፈርስ ቫኒሊንና ጓያኮል የተባሉ መዓዛ ሰጪ ቅመሞች ይወጣሉ። የበርሜል ሠሪው የኦኩን ውስጥ በእሳት የሚለበልበው፣ ባልቴቷም ወይራ በፍም ላይ የምትበትነው ለአንድ ዓይነት ነገር ነው። ልዩነቱ በመንገዱ ላይ ነው። በበርሜል እንጨቱ መያዣ ሆኖ መዓዛውን ቀስ በቀስ ለፈሳሹ ይለቃል፤ በጋን ግን መዓዛው ፈሳሹ ከመምጣቱ በፊት በጢስ መልክ ሸክላው ውስጥ ይሰርጻል። ስለዚህ በጠላ ዘንድ እንጨቱ ቤት አይደለም፤ ቤቱን አጥኖ የሄደ እንግዳ ነው።

የጠላ ሥራ ከእህሉ በፊት ከጋኑ ይጀምራል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ ከዚያም የተሰነጠቀ ወይራ በፍም ላይ ተደርጎ ጋኑ ይደፋበታል። የተወቀጠ ጌሾ በውኃ ይጠነሰሳል፤ ጥቂት ቀናት ሲያልፉ ብቅልና ጠቆር ተደርጎ የተጋገረ ቂጣ ይገባበታል፤ በኋላም ከተቆላ እህል የተፈጨው ደረቆት እንኩሮ ሆኖ ይጨመርና የጋኑ አፍ ይመረጋል። ውስጥ የተቀመጠው ድፍድፍ ነው። ከአውሮፓው ብርቱ ቢራ ጋር የሚወዳደረው እንግዲህ ገና ውኃ ያልበዛበት ይህ ድፍድፍና ከእርሱ ተጣርቶ የሚወጣው «ፊልተር» የሚሉት ጠላ ነው። ድፍድፍ በደጋ አገር በደንብ ከተመረገ ለሳምንታት ይቆያል፤ ውኃ ከተጨመረበት በኋላ ግን ዕድሜው የቀናት ነው፤ ከሥሩ እንደገና ውኃ ተደርጎበት የሚቀዳው ቅራሪ ደግሞ የልጆችና የሠራተኞች ድርሻ ይሆናል። ቋንቋችን በዚህ ነገር ጥንቁቅ መሆኑ ሳይጠቀስ አይታለፍም፤ ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል፣ አረቄ ይወጣል። ሦስት መጠጥ ሦስት ግስ አለው፤ በየግሱም ውስጥ የሥራው ፍጥነት የተለካ ይመስላል።

በወጉ የተጠመቀ ጠላ ሲቀዳ የመጀመሪያዋ ሐያሲ ቀጂዋ ናት፤ በመዳፏ ጠብ አድርጋ እርሷ ሳትቀምስ ለእንግዳ አይቀርብም። ዓይን የሚፈልገው ጥራት ነው። ጠላው ጠቆር ቢልም በብርሃን ሲታይ ወደ ቡናማ ቀይ መንጣት አለበት፤ ጉሽ ሆኖ ከቀረበ ጣዕሙን ከመዳኘት መታገስ ይሻላል። ከዚያ ጢሱ ይመጣል። ጢስ ቀድሞ ይመጣል፤ ቀድሞ መሄድም አለበት። ከሄደ በኋላ የሚቀረው የተቆላ ገብስ ሽታ፣ ከምጣድ ዳር እንደ ተነሣ የቂጣ ቅርፊት ያለ ነገር ነው። በአፍ ውስጥ ጠላው ለስለስ ብሎ ይገባል፤ በመካከል የሎሚ ያህል ሳይሆን የእርጎ ያህል ጎምዘዝ ይላል፤ ጌሾው የሚታወቀው ከተዋጠ በኋላ ነው። ጥሩ ጌሾ በጉሮሮ ግርጌ ይቀመጣል፤ ምላስ ላይ ቀድሞ ከወጣ ወይ በዝቷል ወይ ጊዜውን አልጨረሰም። ጥንካሬው ደግሞ በመጨረሻ በደረት እንደ ሙቀት ይሰማል እንጂ አናት ላይ ወጥቶ አይጮህም። የአራቱ ቅደም ተከተል፣ ማለትም ጢስ፣ እህል፣ ኮምጣጣነትና ጌሾ፣ የጠላው ሰዋስው ነው ቢባል ያስኬዳል። አንዱ የሌላውን ተራ ሲነጥቅ ጠማቂዋ የት ላይ እንደቸኮለች ይታወቃል።

በካርቱም ይህ ተራ እንዴት ተጠበቀ? በአል-ዴምና በጀሪፍ ይኖሩ በነበሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ የጠላ ሥራ መጀመሪያ የገጠመው ለውጥ የእህል ነው። የጎንደር ገብስና ዳጉሳ በቀላሉ በማይገኝበት ከተማ ማሽላ፣ በተለይም ሱዳኖች ፈተሪታ የሚሉት፣ በየገበያው ሞልቶ ነበር። በዚህ ነገር የሚያለቅስ ሐያሲ ሊታመን አይገባም። የቆላው ኢትዮጵያ ጠላ ከጥንትም ከማሽላና ከዘንጋዳ ይጠመቃል፤ የማሽላ ጠላ ከገብሱ ቀለል ያለ አካልና ትንሽ ፈጠን ያለ ኮምጣጣነት ስላለው ብቻ ዝቅ አይልም። በደንብ የተቆላ ማሽላ እንዲያውም ለውዝ የመሰለ፣ ገብስ የማይሰጠው መዓዛ አለው። ከእህሉ ይልቅ የከበደው ሙቀቱ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ስትገኝ፣ ካርቱም 380 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ በግንቦትና በሰኔም የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በእንዲህ ያለ ሙቀት እርሾ አይሠራም፣ ይሮጣል። በሩጫውም ራስ ምታት የሚያስከትሉትን ከባባድ አልኮሎች ያበዛል፤ ኮምጣጤ የሚያደርጉት ረቂቅ ነፍሳት በበኩላቸው እግር በእግር ይከተሉታል። በደጋው በሳምንት የሚደረስበት ጥንካሬ በሦስት ቀን ይደርሳል፤ ነገር ግን ጥንካሬው ብቻ ነው የደረሰው፤ ጣዕሙ በመንገድ ቀርቷል።

ይህን ሙቀት በመጠኑ ሊያበርድ የሚችለው ሸክላ ነው። በሱዳን ቤት ደጃፍ ሁሉ የሚታየው ዚር ውኃን የሚያቀዘቅዘው ላቡን በገላው እያወጣ ስለሆነ ነው፤ ጋንም በተፈጥሮው ከዚህ የራቀ አይደለም። ይሁን እንጂ ጋን ከባድ ነው፣ ይሰበራል፣ ከአንድ የኪራይ ቤት ወደ ሌላው ሲዞር አይመችም። በብዙ የከተማ ቤት፣ በካርቱምም በአዲስ አበባም ጭምር፣ ቦታውን የፕላስቲክ በርሜልና ጀሪካን ወስደውታል። በጣዕም ረገድ የደረሰው ትልቁ ጉዳት ይህ ነው። ፕላስቲክ ጢስ አይጠጣም፤ የወይራው ቅባት በገጹ ላይ ተንሳፎ ይቀርና በመጀመሪያው ውኃ ይታጠባል፣ ወይም እንዳለ ወደ ጠላው ይገባል። የሚገኘው ጢስ ጠላውን ያጠነ ጢስ ሳይሆን በላዩ የተነሰነሰ ጢስ ነው። ቀማሹ ይህን በቀላሉ ይለየዋል፤ የጋን ጢስ ከተዋጠ በኋላ ይጠፋል፣ የፕላስቲክ ጢስ ከከንፈር አይወርድም። በአውሮፓም በብረት ጋን ውስጥ የኦክ ስንጣሪ ነክረው «በኦክ ያረጀ» የሚሉ ጠማቂዎች አሉ፤ ነቀፋውም ከዚህ ጋር አንድ ነው።

ወይራ ባልተገኘ ጊዜ ምን ይተካዋል የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ ነው። ካርቱም የጢስ ድሀ አይደለችም። የሱዳን ሴቶች ለዱኻን የሚታጠኑበት ጠልሕ የተባለው የግራር ዘር በየገበያው ይሸጣል፤ የወሎ ሰው ወይባ ጢስን አስታውሶ የሚገባው ነገር ነው። የጠልሕ ጢስ ግን ጣፈጥ ያለና ከቆዳ ጋር የሚጣበቅ ነው፤ ለገላ የተመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ለገላ የሚበጅ ጢስ ለጋን የሚመች መሆኑ እጅግ ያጠራጥራል። የወይራ ጢስ ደረቅ ነው፤ ክብሩም በድርቀቱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጠላን የጎዳው የጊዜ እጦት ነው፤ እርሱም ከሕጉ መጣ። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው የሱዳን የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 እና 79 መጠጣትን፣ መሥራትንና መሸጥን ይቀጣ ነበር። በኦምዱርማን የሴቶች እስር ቤት ከታሰሩት ብዙዎቹ በመጠጥ ጠመቃ የተያዙ ድሆች እንደነበሩ በተለያየ ጊዜ የወጡ ዘገባዎች አሳይተዋል፤ አብዛኞቹ ከደቡብና ከኑባ ተራሮች በጦርነት የተፈናቀሉ ሴቶች ሲሆኑ ከጎረቤት አገር የመጡ ስደተኞችም አልጠፉባቸውም። ይህ ጉዳይ ከጣዕም ጋር ምን አገናኘው የሚል ቢኖር፣ መልሱ ድፍድፉ ውስጥ ነው። የጢስ ነገር በካርቱም ግቢ ማንንም አያስደነግጥም፤ የሚያሳብቀው የድፍድፉ ሽታ ነው። ነገ ሊፈተሽ የሚችል ቤት ውስጥ ለሦስት ሳምንት የተመረገ ጋን ማስቀመጥ ማስረጃን አቅፎ መተኛት ነው። ስለዚህ ጠማቂዋ ዛሬ ጠንስሳ ከነገ ወዲያ መሸጥ፣ ዕቃውንም አጥባ መገልበጥ ነበረባት። የለንደኑ ቤት ጥቁር ቢራውን ለዓመታት ማስቀመጥ የቻለው ጥበብ ስለበዛለት ብቻ አይደለም፤ ጓዳውን የሚያንኳኳ ስላልነበረም ነው። የካርቱምን ጠላ የሚነቅፍ ሰው ነቀፋውን ከማሰማቱ በፊት ይህን ማስታወስ ግዴታው ነው። ሆኖም ጠማቂዋ ምክንያት አላት ማለት ጠላው ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ሁለቱን መለየት ካልተቻለ ሂስ አይኖርም፤ አዘኔታ ብቻ ይቀራል።

ችኮላው ከጠላው አልፎ የጠጪውን ምላስ ለውጦታል። በስደት ዓመታት በጠላ ቤት የሚሰማው ሙገሳ እየተቀየረ መጣ። «ይጣፍጣል»፣ «ገር ነው»፣ «ጠልሏል» የሚባለው ቀርቶ «ይመታል» የሚለው ዋነኛ ምስጋና ሆነ። በድብቅ የሚጠጣ ሰው ተቀምጦ አያጣጥምም፤ በአንድ ብርጭቆ ሦስት ብርጭቆ የሚያህል ይፈልጋል። ጠማቂዋም ገበያዋን ታዳምጣለች። ጥንካሬን ለመጨመር ስኳር ይገባል፤ ስኳሩ አልኮሉን ያበዛና አካሉን ያሳሳል፣ በመጨረሻ ሙቀትና ባዶነት ብቻ ይቀራል። ኮምጣጣነቱን ለመሸፈን ጌሾ ይበዛል፤ የጌሾው ምሬት ሳይበስል ምላስ ላይ ይሰፍራል። ሁለቱንም ለመሸፈን ጢስ ይበዛል። ስለዚህ በካርቱም ጠላ ውስጥ ብዙ ጢስ ሲሸት ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ወይራው ሳይሆን ጢሱ ስለሸፈነው ነገር ነው። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባላል፤ እዚህ ግን ጠጠሩ ጋኑን ተክቶ ቆሟል። በካርቱም ተወልዶ ያደገ ልጅ ጠላ የሚያውቀው በዚህ መልኩ ብቻ ከሆነ፣ የእናቱ አገር መጠጥ የሚያስነጥስ ጢስና የራስ ምታት መሆኑን ቢያምን አይፈረድበትም።

ጎረቤቱ መጠጥ ከዚህ ፈተና ያመለጠበት መንገድ መመርመር የሚገባው ነው። የሱዳኑ መሪሳ እንደ ጠላ ከማሽላ የሚሠራ ቢሆንም ዕድሜን አይመኝም። የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ምሁር ሐሚድ ዲራር በ1993 እ.ኤ.አ. ስለ ሱዳን አገር በቀል የፈሉ ምግቦች ባሳተሙት ሰፊ መጽሐፍ የመሪሳን አሠራር ከደረጃ ደረጃ ተከታትለዋል። የኮመጠጠው ሊጥ ከፊሉ ምጣድ ላይ ጠቁሮ እስኪለበለብ ይቆላና ሱሪጅ ይባላል፤ የመሪሳ ቀለምና የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ጣዕም የሚመጣው ከዚህ ነው። ከዚያ ብቅል ተጨምሮበት በፍጥነት ይፈላል፤ በዕለቱም ይጠጣል። ወፍራም፣ ኮምጣጣ፣ ግማሽ ምግብ ነው። ጠርቶ የሚወጣው ዓሰሊያ ደግሞ ለቀማሽ የበለጠ የሚናገር መጠጥ ነው። መሪሳ በመቸኮሉ የማይጎዳው ለመቸኮል ስለተሠራ ነው፤ ሙቀቱን ይጠቀምበታል እንጂ አይሸሸውም። ጠላ ግን የደጋ ልጅ ነው፤ ቆላ ወርዶ በመሪሳ ፍጥነት እንዲሮጥ ሲገደድ ሁለቱንም ሳይሆን ይቀራል።

የሚያስገርመው ነገር ሌላ ነው። በካርቱም በኦክ ያረጀ ብርቱ ቢራን ጣዕም በቅርብ የሚያስታውሰው መጠጥ አንድ ጠብታ አልኮል የሚፈለግበት አይደለም። በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ የሚቀርበው ሒሉ ሙር ነው። ስሙ ጣፋጭ መራራ ማለት ነው፤ ለአንድ መጠጥ ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ የሂስ ቃል ማግኘት ያስቸግራል። የበቀለ ማሽላ ተፈጭቶ ከዝንጅብል፣ ከቀረፋ፣ ከሄልና ከሌሎች ቅመሞች ጋር ይቦካል፤ ከዚያም እንደ ስስ እንጀራ በጋለ ምጣድ ላይ ይጋገራል፤ ቀይ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ሴቶች ከጾሙ በፊት በሻዕባን ወር ተጠራርተው ይሠሩታል፤ ውጭ አገር ላለ ዘመድም ይልኩታል። በማታ በቀዝቃዛ ውኃ ተነክሮ፣ ተጣርቶ፣ ስኳር ተደርጎበት ይጠጣል። በአፍ ውስጥ መጀመሪያ የተቃጠለ ስኳር፣ ቀጥሎ ቅመሙ፣ ከዚያ ኮምጣጣነቱ፣ በመጨረሻ የብቅሉ ምሬት ይመጣል። ተራውን ጠብቆ ይመጣል። እያንዳንዱ ሽታ የሚታወቅበት ስፍራ አለው፤ አንዱም አይጮህም። እዚህ ላይ ካርቱም ለጠላ ጠጪ የምትሰጠው ትምህርት አለ፤ ጥንካሬው ሲወጣ ጣዕሙ አብሮ አልወጣም፤ እንዲያውም ከሥሩ ተገለጠ። የጠላውን ጢስ፣ እህል፣ ኮምጣጣነትና ጌሾ በተራቸው ማዳመጥ የሚፈልግ ሰው በሒሉ ሙር አንድ ብርጭቆ ምላሱን ቢያሠለጥን አይቆጭም። ከሁለቱ መጠጦች በካርቱም አየር ፍጹም ሆኖ የሚገኘው የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ያለ ማመንታት ሒሉ ሙር ነው።

ስለ ጠጅ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ማር ከእህል ይልቅ ሙቀትን ይታገሣል፤ ነገር ግን ማር ውድ ነው፤ በማር ፈንታ ስኳር የገባበት ጠጅ ደግሞ በብርሌ ቢቀዳም ጠጅ አይደለም። ሐቀኛ ጠጅ አምቡላው ውስጥ ሰም ሰም ይላል፤ የስኳሩ ጠጅ ግን ምንም አይልም። በደቡብ ሱዳንና በብሉ ናይል አካባቢ ዱማ የሚሉት የማር መጠጥ መኖሩን የማያውቁ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። በዱማና በጠጅ መካከል ያለው ልዩነት ጌሾ ነው፤ ማር ያለ ጌሾ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚሻ ሰው ወደ ዱማ ቢሄድ ጠጁን ይበልጥ ያውቀዋል።

በሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. የሽግግሩ መንግሥት የወንጀል ሕጉን ሲያሻሽል ሙስሊም ላልሆኑ ነዋሪዎች መጠጥ መጠጣት፣ ቢያንስ በሕጉ ቃል፣ ከቅጣት ነፃ ሆነ። ለጠላ ይህ ማለት ጊዜ ማለት ነበር። ጋን ገዝቶ ማሟሸት፣ አጥኖ መመረግ፣ ለበዓሉ ከሳምንታት በፊት መጠንሰስ የሚቻልበት በር ተከፈተ። በሩ ሦስት ዓመት እንኳ ክፍት ሆኖ አልቆየም። ጦርነቱ የተጀመረበት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ማለትም ኤፕሪል 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.፣ ቅዳሜ ነበር፤ ለኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ቀዳም ሥዑር፣ የፋሲካ ዋዜማ፤ ለሙስሊሞች ደግሞ የረመዳን 24ኛ ቀን። በልማዱ በአንደኛው ቤት ሒሉ ሙር ለማፍጠሪያ በውኃ የሚነከርበት፣ በሌላው ቤት ለፋሲካ የተጠመቀው ጠላ የሚጠልልበት ቀን ነው። በዚያን ዕለት ስንት ጋን ምርጉ ሳይነሣ እንደቀረ የቆጠረ የለም። ወደ ገዳሪፍና ወደ መተማ የሸሸው ሰው በጀርባው ጋን ሊያዝል አይችልም ነበር። ሠራዊቱ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ከተማዋን መልሶ ከያዘ በኋላ ወደ ካርቱም የምትመለስ ጠማቂ ጋኗ ከተሰበረ የምትጀምረው ከአዲስ ሸክላ ነው፤ አዲስ ሸክላ ደግሞ ወይራ ደጋግሞ እስኪያጥነው ድረስ ጠላውን አፈር አፈር ያሰኘዋል።